ናፍጣ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይስ እርሳስ? የተበከለ ወለል ለመመርመር ሃይፐርስፔክትራል ካሜራንና አማራጮቹን ማነጻጸሪያ

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት። ቦቴው ያልፍባታል፣ ተሳቢው ያድርባታል፤ ዘይት የሚቀይረው፣ ባትሪ የሚፈታው፣ ብረት የሚበይደው ጋራዥም መንገዱን ተከትሎ ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ግቢ ሲሸጥ፣ ሲከራይ ወይም ወደ መኖሪያነት ሲቀየር የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ እዚህ መሬት ላይ የፈሰሰው ምንድን ነው፣ እስከ የትስ ደርሷል? በዓይን የሚታየው እድፍ መልስ አይሆንም። የጠቆረ ሁሉ ዘይት አይደለም፤ ናፍጣ የጠጣ አፈርም ሁልጊዜ አይጠቁርም።

ጉዳዩ ወደ ባለሙያ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ እንግዛ?» ሆኖ ነው የሚመጣው። ነገሩ ከጭራው ተይዟል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚፈለገው በካይ ነው፤ ቀጥሎ ያረፈበት ወለል ከምን እንደተሠራ። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ አብዛኛው ካሜራ በራሱ ጊዜ ከምርጫው ይወጣል። አንዳንዴ ጭራሽ ካሜራ አያስፈልግም።

ካሜራው የሚያየውና የማያየው

የስልክ ካሜራ ብርሃንን በሦስት ቀለም ይከፍላል። ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ ከመቶ እስከ ብዙ መቶ ወደሚሆኑ ጠባብ ባንዶች (የሞገድ ርዝመት ክፍሎች) ይሸነሽነዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱ ስፔክትረም፣ ማለትም በየባንዱ ስንት ብርሃን እንደተንጸባረቀ የሚያሳይ መስመር፣ አለው። ወለሉ ላይ ያለው ነገር የሚመጥጠው ሞገድ በስፔክትረሙ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስርጉድ እንለዋለን። የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ስርጉዶች 1,730 እና 2,310 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ግራሶና ሬንጅ ሁሉም እነዚህን ሁለት ይጋራሉ። ከዚህ የሚከተለው ለገዢ ደስ የማይል ነው፦ ካሜራው «ዘይት ነክ ነገር አለ» ይላል እንጂ አሮጌ እድፍ ላይ ናፍጣን ከሞተር ዘይት በእርግጠኝነት አይለይም።

እርሳስ፣ ካድሚየምና ዚንክ ደግሞ አፈር ውስጥ በሚገኙበት መጠን የሚታይ ስርጉድ የላቸውም። ካሜራው ሊያይ የሚችለው አብሯቸው ያለውን የብረት ዝገት ወይም ሸክላ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ እርሳስ የሚሰጥ ቁጥር ግምት ነው፣ ቦታ ሲቀየርም ይፈርሳል። ክሮሚየም ትንሽ ይለያል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ዓይነት ዝቃጭ ውስጥ ሦስት ቫሌንስ ያለው ክሮሚየም በብዛት ሲኖር አረንጓዴ ሰማያዊ ቀለሙ 600 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። ያ ግን ዝቃጩ ላይ ነው፤ ከዝቃጩ የወረደ ውኃ ያጠጣው እርሻ ላይ አይነበብም።

መጠንን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። አንድ ማይክሮን ውፍረት ያለው የዘይት ፊልም፣ የዘይቱ ጥግግት 0.85 ከሆነ፣ በካሬ ሜትር 0.85 ግራም ይመዝናል፤ ይህም በካሬ ሴንቲሜትር 85 ማይክሮግራም ነው። ካሜራው ምቹ ብርሃን ላይ ሊታገለው የሚችለው እንዲህ ያለውን መጠን ነው። አሁን ከአሮጌ ትራንስፎርመር የፈሰሰ ዘይት እንውሰድ። በእንዲህ ያለ ዘይት ውስጥ ሊገኝ ለሚችለው ፒሲቢ (ክሎሪን ያለበት፣ ቶሎ የማይበሰብስ መርዝ) በአሜሪካ የጽዳት መመሪያ ሰው በሚነካው ወለል ላይ የተቀመጠው ወሰን በ100 ካሬ ሴንቲሜትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ማለትም በካሬ ሴንቲሜትር 0.1። ከፊልሙ ጋር ሲነጻጸር 850 ጊዜ ያነሰ ነው። ካሜራው ዘይቱን ያያል፤ በዘይቱ ውስጥ የተደበቀውን መርዝ አያይም። እንዲህ ያሉ መርዞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት የሚጠቅሰው 50 ሚሊግራም በኪሎም ለካሜራ እንደሌለ ነው።

ጥልቀትም አለ። በዚህ የሞገድ ክልል ብርሃን አፈር ውስጥ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ ብዙም አይገባም። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያመጣው አቧራ ትናንት የፈሰሰውን ናፍጣ ከካሜራው ሊሸፍን ይችላል። ወደ ታች 40 ሴንቲሜትር የሰረገውንማ ቆፍሮ ናሙና ከማውጣት በቀር መፍትሔ የለውም።

ካሜራ ከሆነ፣ የትኛው?

ገበያ ላይ ያሉት በሞገድ ክልላቸው ይከፈላሉ፤ የዋጋ ልዩነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከ400 እስከ 1,000 ናኖሜትር የሚያዩት በሲሊከን ሴንሰር የሚሠሩ ናቸው። ቀላል፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ፣ በዋጋም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዝቅ ያለ ሲባልም በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ለቅጠል ጤንነት፣ ለዝገት፣ ለቀለም፣ ለውኃ አልጌ ጥሩ ናቸው። ለዘይት ግን አይሆኑም፤ ከላይ ከተጠቀሱት ስርጉዶች አንዱም በክልላቸው ውስጥ የለም። ሻጭ በእንዲህ ያለ ካሜራ የዘይት እድፍ በደማቅ ቀለም አውጥቶ ቢያሳይ፣ ያወጣው ጥቁረትን ነው። ውኃ ያራሰው ሲሚንቶም በዚያው ቀለም ይወጣል።

ከ900 እስከ 1,700 ናኖሜትር የሚያዩት የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ካሜራዎች ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው። «ኢንፍራሬድ ነው፣ ሃይድሮካርቦን ያያል» ተብለው ይሸጣሉ። ቁጥሩን ግን እንመልከት፦ ካሜራው 1,700 ላይ ያበቃል፣ ስርጉዱ 1,730 ላይ ነው። በ30 ናኖሜትር ያመልጣል። በክልሉ ውስጥ የሚቀሩት የዘይት ምልክቶች 1,210 እና 1,400 አካባቢ ያሉት ደካሞች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከውኃ ጋር ይደባለቃል። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በራስዎ መብራት፣ ወፍራም የዘይት ሽፋን ወይም ፕላስቲክ ለመለየት ይሠራል። ግቢ ውስጥ በፀሐይ ከሆነ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ከ1,350 እስከ 1,450 ያለውን ብርሃን ስለሚመጥጠው እጅዎ ላይ የሚቀረው 1,210 ብቻ ነው። ርካሹን ገዝቶ ከማዘን ሁለት ቀን ውዱን መከራየት ይሻላል የምንለው እዚህ ላይ ነው።

ከ1,000 እስከ 2,500 የሚደርሱት፣ በሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ወይም ክልሉ በተራዘመ ኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ የተሠሩት፣ ሁለቱንም ስርጉዶች ያያሉ። ለነዳጅና ለዘይት የእውነት የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ዋጋቸው ከሲሊከኖቹ ብዙ እጥፍ ነው፤ ሴንሰሩ ስለሚቀዘቅዝ ኃይል ይበላል፣ ይከብዳል፣ በቀትር ሙቀት ያጉረመርማል። ሜዳ ላይ በ1,730 ይተማመኑ፤ 2,310 ላይ ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ምስሉ ሻካራ ይሆናል። በራስዎ መብራት ከሆነ ሁለቱንም ይጠቀሙ።

ከ8 እስከ 12 ማይክሮን የሚያዩት የሙቀት ሃይፐርስፔክትራል ካሜራዎች ለጋዝና ለድንጋይ ዓይነት ድንቅ ናቸው፤ ለጋራዥ ግቢ ግን ቅንጦት ነው።

ወለሉ ራሱ የሚዋሸው

አንድ ዓይነት ካሜራ በአንድ ግቢ ውስጥ ከየወለሉ ጋር የተለያየ ጠባይ ያሳያል።

አስፋልት ራሱ ሬንጅ ነው፤ ሬንጅ ሃይድሮካርቦን ነው። በተለይ አዲስ አስፋልት ሁሉ 2,310 ላይ ይሰረጉዳል፣ ስለዚህ ማደያ በር ላይ በዚህ ምልክት ናፍጣ መፈለግ ስንዴ ውስጥ ስንዴ መፈለግ ነው። አስፋልት ላይ ካሜራ አንመክርም።

የሲሚንቶ ወለል ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ብሩህና ወጥ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ሲሚንቶ ሲያረጅ ካርቦኔት ይሆናል፣ የካርቦኔት ስርጉድ ደግሞ 2,340 አካባቢ ነው። ባንዱ ሰፊ የሆነ ካሜራ ሁለቱን አዋህዶ ንጹሑን ወለል ዘይት ያደርገዋል። ማስታረቂያው 1,730 ነው፤ ካርቦኔት እዚያ ምልክት የለውም። በስምጥ ሸለቆው ኖራማ አፈር ላይም ይኸው ይሠራል።

ኮብልስቶንና ጥቁር ባዛልት ብርሃን ስለሚበሉ ምልክቱ ይዳከማል፤ ዘይቱም የሚጠራቀመው በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ውስጥ ነውና ፒክሰሉ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አያገኘውም። ገረጋንቲ መሬት መሀል ላይ ነው፤ ሲደርቅ ጥሩ ይነበባል፣ ሲርስ ዋጋ የለውም። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ኦርጋኒክ ስለሆነ 1,730 ያሳያል።

ለብቻው መነሳት ያለበት ፌስታል ነው። ፖሊኢትሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ነው፤ 1,730 ላይ ያለው ስርጉድ ከብዙ የዘይት እድፍ ይበልጣል። ግማሹ አፈር የለበሰ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ክዳን የተበተነበት ግቢ በካርታው ላይ የነዳጅ ጎርፍ የመታው ይመስላል። ከቀረጻ በፊት ግቢው ይለቀም፤ የማይነሳው ቦታው ይመዝገብ። ጭድና የደረቀ ሣርም 1,730 ላይ ትንሽ ያሳያሉ፤ ነገር ግን 2,100 ላይ የሴሉሎስ ስርጉድ ስላላቸው ይጋለጣሉ።

ካሜራ ያልሆኑት አማራጮች

365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት የእጅ መብራት ከሁሉ ርካሹ ነው፤ መጀመሪያ መሞከር ያለበትም እሱ ነው። ማታ ጨለማ ሲሆን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ማብራት ነው። አዲስ የሞተር ዘይትና ናፍጣ ውስጥ ያሉት አሮማቲክ ውህዶች ያበራሉ። የተቃጠለ ዘይት ግን ጥላሸቱ ብርሃኑን ስለሚያፍነው ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ሳይበራ ሊቀር ይችላል። ወለሉ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከሆነ በሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጪያ (ልብስ ነጭ የሚያስመስለው ቅመም) ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይደምቃልና ዘይት ነው ብለው አይደምድሙ። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው።

ለእርሳስ፣ ለክሮሚየም፣ ለመዳብና ለዚንክ መሣሪያው ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የሚባለው የእጅ ሽጉጥ መሳይ ነው። ባትሪ የተፈታበት ግቢ ላይ ካሜራ ይዞ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ይህኛው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ በአሥሮች ሚሊግራም በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ያነባል። የሚያየው ግን የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ብቻ ስለሆነ ግቢውን በ2 ሜትር ፍርግርግ ከፍሎ መለካት ይጠይቃል። እርጥብ አፈር ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። አርሰኒክ ባለበት ቦታ የእርሳስና የአርሰኒክ ዋና መስመሮች ተደራርበው ስለሚወድቁ የመሣሪያው ማረሚያ ሥራ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። ስድስት ቫሌንስ ያለውን አደገኛ ክሮሚየም ከሦስት ቫሌንሱ አይለይም፤ ያንን የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ ስለሆነም ለማስገባትና ለመጠቀም ፈቃድ ይፈልጋል።

ተንቀሳቃሽ ኤፍቲአይአር (በኢንፍራሬድ ብርሃን የኬሚካልን ዓይነት የሚለይ መሣሪያ) አንድን እድፍ ነክቶ «ይህ የፍሬን ዘይት ነው፣ ያኛው የማዕድን ዘይት ነው» የማለት አቅም አለው፤ ይህ ካሜራው የማይችለው ነው። ነጥብ በነጥብ ስለሆነ ለካርታ አይሆንም።

ሳተላይቱም ይጠየቃል። በ2019 የመጠቀው የጣሊያኑ ፕሪዝማና በ2022 የመጠቀው የጀርመኑ ኤንማፕ በ30 ሜትር ፒክሰል እስከ 2,500 ናኖሜትር አካባቢ ያያሉ፤ መረጃውም ለተመራማሪ በነጻ ይገኛል። 30 በ30 ሜትር 900 ካሬ ሜትር ነው፦ አንድ ሙሉ ጋራዥ ከነአጥሩ በአንድ ፒክሰል ይገባል። ለቆቃ ሐይቅ አረንጓዴ አልጌ ግን ጥሩ ምርጫ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው የፋይኮሳያኒን ምልክት 620 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ ውድ ካሜራም አያሻም። ድሮን ላይ የሚጫን ካሜራ በመሀል ያለ አማራጭ ነው፤ ከፈቃዱ ባሻገር የአዳማ ነፋስ መስመር በመስመር የሚቃኝ ካሜራን ያወላግደዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ነፋሱ ይረጋ ይሆናል፣ ግን ያኔ ፀሐዩ ዝቅ ያለ ነው።

የመጨረሻው አማራጭ ጠርጎ ወይም ቆፍሮ ናሙና ወስዶ ላብራቶሪ መላክ ነው። ካሜራ ቢኖርም ባይኖርም ይህ አይቀርም።

አንድ የሲሚንቶ ግቢ፣ በቁጥር

20 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ግቢ አለ እንበል። ካሜራው በአንድ መስመር 384 ፒክሰልና 288 ባንድ ያለው፣ እስከ 2,500 የሚያይ ነው፤ በሰከንድ 50 መስመር ይወስዳል።

ከወለሉ ቀረብ ተደርጎ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ቢቀረጽ አንዱ ፒክሰል 0.78 ሚሊሜትር ይሆናል። ፒክሰሉ ካሬ እንዲሆን ካሜራው በሰከንድ 39 ሚሊሜትር መሄድ አለበት፤ አንድ ሜትር ለመጨረስ 26 ሰከንድ ገደማ። መስመሮቹ ሦስት ሴንቲሜትር ቢደራረቡ 56 ጉዞ ይጠይቃል፤ ማዞሪያውን ሳይጨምር 8 ሰዓት ነው። ካሜራውን ከፍ አድርገው ስፋቱን 1 ሜትር ቢያደርሱት ፒክሰሉ 2.6 ሚሊሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 130 ሚሊሜትር፣ መደራረቡም በዚያው ልክ 10 ሴንቲሜትር ሆኖ ጉዞው 17፣ ጊዜው 44 ደቂቃ ይሆናል። መረጃው 29 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለዘይት እድፍ 2.6 ሚሊሜትር ከበቂ በላይ ነው። ሌላው ሰዓት ለነጭ ማጣቀሻ (የወለሉ ንባብ ለሚነጻጸርበት ነጭ ሰሌዳ) እና ለናሙና ይዋል።

ሰዓቱን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አዳማ ላይ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በአናት ላይ ቀጥ ትላለች። ካሜራው ወደ ታች እያየ ፀሐይ ከአናት በላይ ከሆነች አብረቅራቂ ዘይት እንደ መስተዋት ብርሃኗን መልሶ ይልካል፤ የፈለጉት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቅረጹ። ክረምት ላይ ዝናብ ካቆመ በኋላ ወለሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጠጣ።

ጥላ ውስጥ ከሆነ ሃሎጅን መብራት ያስፈልጋል፤ ኤልኢዲ በዚህ የሞገድ ክልል ብርሃን የለውም። ሃሎጅኑን ሲገዙ ጀርባውን ይመልከቱ። ቀለማት የሚያንጸባርቅ የመስታወት ጀርባ ያለው፣ ለሱቅ መስኮት የሚሸጠው ዓይነት፣ ሙቀቱን ወደ ኋላ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ ሙቀት ተብሎ የተጣለው ደግሞ እርስዎ የሚፈልጉት ኢንፍራሬድ ነው። የአሉሚኒየም ጀርባ ያለውን ይውሰዱ። በሁለት በኩል 45 ዲግሪ አዘንብለው ያቁሙት፣ በስታብላይዘር በኩል ያገናኙት፤ ቮልቴጁ ሲወዛወዝ መብራቱ ይወዛወዛል፣ ስፔክትረሙም አብሮ ይታጠፋል። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ፣ በማደያ ወይም በቦቴ አጠገብ፣ የጋለ ሃሎጅን ፈጽሞ አያብሩ።

ካሜራው 30 ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ ሌንሱን ከድኖ የጨለማ ምስል፣ ቀጥሎ ነጭ ማጣቀሻ። ነጩ ሰሌዳ ከሴንሰሩ ከፍተኛ ንባብ 80 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ተጋላጭነቱ (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ይስተካከላል። ሁለቱም በየ15 ደቂቃው ይደገማሉ፤ በሞቃት ቀን የሴንሰሩ ንባብ ይንሸራተታል። ሰሌዳው በወለሉ ከፍታ ልክ ይቀመጥ፣ የቀራጩ ጥላም አይረፍበት። ነጭ ልብስ የለበሰ ረዳት አጠገቡ ቢቆም የልብሱ ነጸብራቅ ሰሌዳው ላይ ይገባል። ሰሌዳው ሲያድፍ በ240 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ከሚወርድ ቧንቧ ሥር በቀስታ ይፈገፈጋል። የፋብሪካው ሰሌዳ ከሌለ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ቴፍሎን ይተካዋል። የማተሚያ ወረቀት ግን አይተካውም፤ ወረቀት ሴሉሎስ ነው፣ የራሱ ስርጉዶች አሉት።

ሲተነተን ቀላሉ መለኪያ በሦስት ነጥብ የሚሠራው የሃይድሮካርቦን ኢንዴክስ ነው። በ1,705፣ በ1,729 እና በ1,741 ያለው ነጸብራቅ ይወሰዳል። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ 1,729 ላይ ካለው ዋጋ የተለካው ይቀነሳል። ለምሳሌ ሦስቱ 0.300፣ 0.285 እና 0.296 ቢሆኑ መስመሩ በመሀል 0.2973 ላይ ያልፋል፤ ልዩነቱ 0.0123 ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የሚመልሰው ንጹሕ መሆኑ የሚታወቅ የዚያው ግቢ ጥግ ነው። እዚያ ያለው የኢንዴክሱ መዋዠቅ 0.003 ከሆነ ሦስት እጥፉ፣ 0.009፣ መነሻ ይሆናል፤ 0.0123 ያልፋል። ንጹሕ ጥግ ያልተቀረጸበት ግቢ መነሻ የለውም፣ ያለ መነሻ የተሳለ ካርታም የቀለም ጨዋታ ነው። የካሜራው ባንድ 10 ናኖሜትር ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ነጥቦች በጣም ይቀራረባሉና ዳርና ዳሩን ሰፋ አድርጎ መውሰድ ይሻላል።

የተቃጠለ ዘይት ላይ ኢንዴክሱ ዝቅ ሊል ይችላል። ጥላሸቱ ወለሉን በሁሉም ሞገድ ስለሚያጠቁረው ስርጉዱ ይሰጥማል፤ በጣም የተበከለው መሀል ከዳሩ ያነሰ ቁጥር ይዞ ቀለበት መስሎ ይወጣል። ነጸብራቁ ከ0.05 በታች የሆነ ፒክሰል «ንጹሕ» ተብሎ ሳይሆን «አልተነበበም» ተብሎ ይለይ።

ላብራቶሪውን ማስከተል

ከካርታው ላይ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ንጹሕ የሚመስሉ ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ከየዓይነቱ አምስት፣ በድምሩ 15 ናሙና። ንጹሑን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ካሜራው ያላየውን የሚያጋልጠው እሱ ነው። አፈር ከሆነ ካሜራው ካየው ጋር እንዲነጻጸር የላይኛው 2 ሴንቲሜትር ለብቻ፣ ከሥሩ ያለው ለብቻ ይወሰዳል። ዕቃው በክዳኑ ቴፍሎን ያለው ብርጭቆ ይሁን፤ ለዘይት ናሙና የውኃ ፕላስቲክ አይሆንም። በበረዶ ሣጥን ውስጥ 4 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥና ላብራቶሪው በ14 ቀን ውስጥ ዘይቱን ከናሙናው ማውጣቱን ይጨርስ። አፈር ላይ ካሜራው «የለም» ስላለ ብቻ ከ1,000 ሚሊግራም በኪሎ በታች ያለውን ነዳጅ የለም ማለት አይቻልም።

ለስላሳ ወለል ወይም ብረት ላይ ደግሞ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ያለው ክፈፍ ይለጠፋል፤ በሄክሳን (ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ) በራሰ የጎዝ ጨርቅ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይና ታች ይታበሳል። ሳይነካ ተከፍቶ የሚታሸግ አንድ ባዶ ጨርቅ አብሮ ይላክ። ያረጀ ሲሚንቶ ዘይቱን ወደ ውስጥ ስለሚጠጣው መጥረግ ያሳንሰዋል፤ እዚያ መሰርሰሪያ ይዞ ዱቄቱን መሰብሰብ ይሻላል።

እንግዲህ ማን ምን ይያዝ?

አንድ ግቢ ብቻ የሚያስመረምር ባለንብረት፦ የአልትራቫዮሌት መብራቱ ለማታ፣ ቀን ላይ 10 የአፈር ናሙና። ካሜራ አያስፈልገውም፤ የካሜራ አማካሪ ቢመጣለትም በትህትና ይሸኘው። ባትሪ የተፈታበት ከሆነ ኤክስሬዩን ይከራይ።

በዓመት ብዙ ግቢ የሚመረምር ቢሮ ወይም አማካሪ ድርጅት ከሆነ እስከ 2,500 የሚያየው ካሜራ ትርጉም ይኖረዋል፤ ጥቅሙም ናሙናውን በጭፍን ከመበተን ማዳኑ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ደግሞ ከካሜራው በፊት ነጥብ የሚለካ ስፔክትሮሜትር ይቅደም ባይ ነን፤ ከ350 እስከ 2,500 ያያል፣ የአካባቢውን አፈርና ሲሚንቶ ንጹሕና ዘይት የነካው እያሉ የስፔክትረም መዝገብ ያዘጋጁበታል። መዝገቡ ሳይኖር የመጣ ካሜራ ከሌላ አገር አፈር በተወሰደ መዝገብ ይተረጎማል፤ የስህተቱ ግማሽ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከመግዛት በፊት ለሻጩ ሦስት ማሰሮ አፈር ይላኩለት፦ ከራስዎ ግቢ የተወሰደ ንጹሕ፣ በኪሎ 5 ግራም ናፍጣ የተቀላቀለበት፣ በኪሎ 20 ግራም የተቀላቀለበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይጻፍበት። ናፍጣው በጉዞ ላይ እንዳይተን ክዳኑ በደንብ ይጥበቅ። መልሱ ሲመጣ ባለቀለም ሥዕል ብቻ አይቀበሉ፤ ጥሬውን ፋይል ከነጭ ማጣቀሻውና ከጨለማ ምስሉ ጋር ይጠይቁ፣ 1,730 ላይ ያለውን በራስዎ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩ።